አባቴ ያለ ገብስ

«ይቺ ሱሪ ወገቧ ጠበበኝ» ብለው አባቴ ለእናቴ የነገሯት ዕለት እናቴ እልል አለች። እውነቴን ነው፤ ሱሪውን በእጇ እንደያዘች በራፍ ላይ ወጥታ እልል አለች። ጎረቤቶቻችን ምን ተገኘ ብለው መጡ። ነገሩን ሲሰሙ እነሱም አገዟት። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሱሪ ጠበበ ተብሎ ሠፈር ሙሉ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህ ደስታ እንዲገባችሁ አባቴ ከዚያ በፊት እንዴት እንደነበሩ መናገር አለብኝ። እኔ ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ከሲታ ነበሩ። ሆዳቸው ይነፋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ እርሻ ላይ እያሉ ሞፈሩን ለቀው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ። ጠበል ተጠምቀዋል፣ ኮሶ ጠጥተዋል፣ የጨጓራ ነው ተብለውም ብዙ ኪኒን ውጠዋል። የምንኖረው ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ደጋ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ገብስ የማይገባበት ነገር የለም፤ እንጀራውም፣ ጠላውም፣ ለመንገደኛ የሚቋጠረው በሶም እሱ ነው። አባቴ ሲብስባቸው ሆድ ያጠነክራል ተብሎ የሚቀርብላቸውም የገብስ ገንፎ ነበር። አሁን ሳስበው ይህ ነገር ያመኛል፤ ያን ጊዜ ግን ገንፎውን የማቀርበው እኔ ነበርኩ፤ ጨርሰውት ሳህኑን ሲመልሱልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ደማቸው ተመረመረ፤ በአፋቸው ቀጭን ቱቦ አስገብተውም ከአንጀታቸው ቅንጣት ሥጋ ወሰዱ። በሽታው ሲሊያክ ይባላል ተባሉ። ገብስ፣ ስንዴና አጃ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ የአባቴን አንጀት የሚያቆስለው እሱ ነው። መድኃኒቱ እነዚህን እህሎች ጨርሶ መተው ብቻ ነበር። አባቴ «ለስንት ጊዜ?» ብለው ጠየቁ። «ለዕድሜ ልክ» የሚል መልስ ተሰጣቸው። ወንድሜ እንደሚለው በመመለሻው መንገድ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የራሳቸውን ማሳ ሲያዩ ብቻ ቆም ብለው «እኔው በዘራሁት ገብስ!» አሉ።

እናቴ ነገሩን ለጎረቤት የምታስረዳው በራሷ መንገድ ነበር። «ከገብስ ጋር ተጣልቷል» ትላለች፣ እንደ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአባቴ የተለየ ወንፊት፣ የተለየ ቡሃቃና የተለየ መሶብ ወጣ። ዓርብ ዓርብ ከቆላ ከሚመጡ ገበሬዎች ጤፍ ትገዛለች። ወፍጮ ቤት ገብስ ሲፈጭ ስለሚውል ማልዳ፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትሄዳለች፤ መጀመሪያ የሚወጣውንም ዱቄት ለዶሮዎች ትደፋዋለች። የወፍጮው ባለቤት «ዶሮዎችሽ ከእኛ የተሻለ ይበላሉ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ስለ ቅዱስ ቁርባኑ አባቴ ከንስሐ አባታቸው ጋር ለብቻቸው ተነጋግረዋል፤ ያ የሁለቱ ጉዳይ ስለሆነ እኔ ጠይቄም አላውቅ።

አባቴ ዳኑ። ፊታቸው ደም ለበሰ፣ አንገታቸው ሞላ፣ ሱሪያቸው ጠበበ። ችግሩም የጀመረው እዚያው ደስታው ውስጥ ነው።

በእኛ አገር እንግዳ ዝም ብሎ አይሸኝም። አባቴ ግን ቤት በገቡ ቁጥር ዳቦውንም ጠላውንም አይነኩም። ባለቤቶቹ ያፍራሉ። ሌላው የሚበላውን ሊሰጧቸው ስላልቻሉ የሚችሉትን እጥፍ አድርገው ይሰጧቸዋል፤ የተቀቀለ ድንች በቅቤ፣ የፎገራ ሩዝ በትልቅ ሳህን፣ በጠላ ፈንታም ብርዝ። ማር ያለው ሰው ሁሉ ለአባቴ ብርዝ ይበጠብጣል። ማኅበር ላይ ሌሎቹ በጋራ ሲቀርብላቸው ለእሳቸው ለብቻቸው ብርሌ ይቀመጣል። «በሞቴ አንድ ይድገሙ» ይባላሉ። በሞቴ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ እምቢ ካለ የጠየቀውን ሰው ሞት እንደ ቀላል ነገር ቆጠረው ማለት ነው። አባቴ ደግሞ የሰው ፊት ማስከፋት አይችሉም። ይህን ጠባይ ከእሳቸው ሳልወርስ አልቀረሁም።

ቤትም ውስጥ እንደዚያው ነበር። ወንድሜ «አንድ ጊዜ ታመዋል፣ ይረፉ» ብሎ እርሻውን ተረከበ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም እንኳ በቅሎ ታስጭንላቸው ጀመር።

እኔ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ የራሴን ጨመርኩበት። አንድ ሱቅ ውስጥ «ግሉተን የለውም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብስኩት አየሁ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አባቴ ስንት ዘመን ዳቦ ሳይቀምሱ! ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር አራትም አምስትም ፓኮ እልክ ጀመር። እናቴ በስልክ «አባትሽ ያንቺን ብስኩት ሳይበላ አይተኛም። አማረበት፣ ብታይው አታውቂውም» ትለኛለች። ፎቶ ላከችልኝ። ጉንጫቸው አብጦ፣ ሆዳቸው ጋቢውን ገፍቶ ይታያል። ፎቶውን ለዶርም ጓደኞቼ አሳየሁ። «አባቴ ናቸው፣ ድነው ነው» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ መንገዱ ሰላም የሆነበት ሳምንት ነበርና አባቴ ለክትትል ባሕር ዳር መጡ። መናኸሪያ ጠብቄ ተቀበልኳቸው፤ በነጋታው አብረን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። መዘነቻቸው፣ ግፊታቸውን አየች፣ ከዚያ ሜትር አውጥታ ወገባቸውን ለካች። አባቴ እጃቸውን ወደ ላይ እንደሰቀሉ ወደ እኔ ዞረው «ልብስ ልታሰፋልኝ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ዶክተሯ ሳቀች። የምርመራውን ወረቀት ካየች በኋላ ግን ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«አባባ፣ አንጀትዎ ድኗል፤ ደሙም ይህንኑ ይናገራል። እንደ እርስዎ የሚጠነቀቅ ሰው ብዙም አላየሁ። አሁን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የደም ስኳርዎ ከፍ ብሏል። የስኳር በሽታ አይባልም ገና፤ አፋፉ ላይ ነዎት። ጉበትዎ ላይም ስብ አለ።»

«ስብ?» አሉ አባቴ። «እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ። ስብ ከየት መጣ?»

«ከቅቤና ከሥጋ ብቻ አይመጣም። ምን ይጠጣሉ?»

«ጠላ ከከለከላችሁኝ ወዲህ ብርዝ ነው።»

«በቀን ስንት?»

«እሱማ ባለፍኩበት ቤት ብዛት ነው።»

«በዳቦ ፈንታስ?»

«ልጄ ብስኩት ትልክልኛለች» አሉ አባቴ፣ በኩራት። እኔም በኩራት ከቦርሳዬ አንድ ፓኮ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ለመንገዳቸው የገዛሁት ነበር። ዶክተሯ ገልብጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ልክ ነሽ፣ ግሉተን የለውም» አለችኝ። «ግን ከነጭ የሩዝ ዱቄት፣ ከስታርችና ከስኳር በቀር ሌላም ነገር የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ግሉተን የለውም ማለት እንደልብ ይበላል ማለት አይደለም።»

ፓኮውን መልሳ ስትሰጠኝ የት እንደማደርገው አላወቅሁም።

ከዚያ ወረቀት ላይ የአንጀትን ግድግዳ ሣለችልን። ጤነኛ አንጀት ውስጥ ምግብን የሚቀበሉ እንደ ጣት የቆሙ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ የአባቴ ግን በግሉተኑ ምክንያት ተኝተው ነበር። «በረዶ እንደመታው አዝመራ» አሉ አባቴ። «እንደዚያ ነው» አለች። «ያኔ የሚበሉት ሳይጠቅምዎ ያልፍ ነበር። አሁን አዝመራው ቆሟል። የሚበሉትን ሁሉ ይቀበላል፤ ማሩንም ሩዙንም። ሰውነትዎም ከበፊቱ ያነሰ ነው የሚሠራው።» ጤፉን ሳይነፋ፣ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ጎመኑን ጨምሩ፤ ብርዙን ተዉት፤ ሩዙንና ድንቹን ቀንሱ፤ ይራመዱ፤ ከሦስት ወር በኋላ እንተያይ አለችን። እኔ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አንድም ነገር እንዳያመልጠኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

አገር ቤት እንደደረስን ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገብቷል። «ስኳር ያዘው» ተባለ። አፋፉ ላይ ነው የሚለውን ማንም አልሰማም። በማግስቱ አክስቴ መጡ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እስካሁንም አባቴ «እትዬ» ብለው ሲጠሯቸው ድምፃቸው የልጅ ይሆናል።

አክስቴ ገና ሳይቀመጡ «አላልኩህም?» አሉ። «ገብስ ተው ሲሉህ ተውክ። ይኸው ስኳር መጣ! ለስኳር መድኃኒቱ ምን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። ገብስ ነው! ያ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ጎረቤቴ ስኳር ከያዘው ስንት ዓመቱ? በገብስ ቂጣ አይደለም እንዴ ቀጥ ብሎ የሚሄደው?»

ሊጠይቅ የመጣው ሰው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነበርና። እኛ አገር ስኳር ያለበት ሰው ገብስ ብላ ይባላል፤ ሲሊያክ ለሌለበት ሰው ምክሩ መጥፎ አይደለም። አባቴን ሳያቸው ፊታቸው በርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ የአዲስ ገብስ ቆሎ ሲሸት ፊታቸውን እያዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እንዲያ ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «ለአንዱ የተከለከለው ለሌላው መድኃኒት ሆኖ ይሆን?»

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ደግሞ ወደ መሬት አየሁ። ታላቅ ሰው ሲናገር አላቋርጥም፤ እንደዚያ ነው ያደግሁት። ግን ያን ገንፎ አስታወስኩ። አባቴ ወደ ገብስ ከተመለሱ የቆመው አዝመራ እንደገና ሊተኛ ነው፣ አንጀታቸው እንደገና ሊቆስል ነው። የእኔ ዝምታ የሚያስከትለው ይህን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አፌ አልከፈት አለኝ።

በነጋታው ጠዋት አክስቴ ትንሽ ከረጢት ይዘው ተመለሱ። ውስጡ በሶ ነበር፣ ገና ትኩስ ሽታው ያልለቀቀው። በራሳቸው እጅ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ ነፍተው ያመጡት ነው። ጨውና ውኃ አስመጥተው አሹት፤ እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል አበጅተው በአባቴ መዳፍ ላይ አኖሩት።

«በሞቴ» አሉ አክስቴ።

አባቴ በሶውን አዩት። አውራ ጣታቸው ላዩ ላይ ሲሄድ አየሁ። ወደ አፋቸው ማንሳት ሲጀምሩ፣ ሳላስበው፣

«አባዬ፣ በሞቴ እንዳይቀምሱ!» አልኩ።

በታላቅ ሰው በሞቴ ላይ ሌላ በሞቴ መደረብ፣ ያውም በልጅ አፍ፣ እኛ ዘንድ ተሰምቶ አይታወቅም። ሰው የሚማለደው እንዲበላ እንጂ እንዳይበላ አይደለም። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የተማርሽው ይሄን ነው?» አሉ አክስቴ። «የአክስትሽን አፍ መቅደም?»

«ይቅርታ አክስቴ፤» አልኩ። «ስኳሩ ገብስ ስለተዉ የመጣ አይደለም። በገብስ ፈንታ በገባው ነው። ብርዙ ነው፣ ሩዙ ነው፣ መቀመጡ ነው። ከሁሉም ይልቅ የእኔ ብስኩት ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው። ግን ገብሱን ቢበሉ ስኳሩም አይቀር፣ ያ የድሮው ሕመምም ይመለሳል።» ከዚያ በኋላ አለቀስኩ፤ የመጨረሻዎቹን ቃላት ማን እንደሰማቸው አላውቅም።

አባቴ አንዴ እህታቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። በሶው እንደተያዘ ነው።

«ሁለታችሁም በአንድ ቀን ብትሞቱብኝ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ተዝካሩን ማን ያወጣልኛል?»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። አክስቴ ላለመሳቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ፤ ትከሻቸው ግን አጋለጣቸው።

አባቴ በሶውን ወደ ከረጢቱ መለሱት። «እትዬ፣ ሦስት ወር አስቀምጪልኝ። ማሩንም ገብሱንም ትቼ ልየው። ሐኪሟ ያለችው ካልሆነ በእግሬ መጥቼ ከእጅሽ እበላለሁ።»

«በሶውስ ሦስት ወር ይቀመጣል» አሉ አክስቴ፤ «እኔ መቀመጤን ነው እንጂ የማላውቀው።»

የዚያኑ ሳምንት አባቴ ሞፈር ቀንበሩን ከወንድሜ ተቀበሉ። ወንድሜ «እና እኔ ምን ልሥራ?» ቢላቸው «ከኋላዬ በዶማ ጎልጉል» አሉት። በቅሎዋ ወደ መስኩ ተለቀቀች። እናቴ የጤፉን ዱቄት መንፋት ተወች፤ በሽሮው ላይ ጎመን፣ በጎመኑ ላይ የባቄላ ንፍሮ ጨመረች፤ ሩዝ ለእሑድ ብቻ ሆነ። ከባዱ የሰው ቤት ነበር። አባቴ ገና ሲገቡ «ውኃ ስጡኝ» ማለት ለመዱ። አንዲት ጎረቤት «ውኃ? እኔ ለጠላቴም ውኃ ብቻ አላቀርብ!» ብላ ተቆጥታ ለሁለት ቀን አኩርፋቸዋለች።

አክስቴም ባዶ እጃቸውን መቅረት አልቻሉም። ማር ተከለከለ፣ ገብስ ተከለከለ። ሽምብራ እንደተፈቀደ ከእኔ አጣሩና አንድ ቀን የሽምብራ ቆሎ በሰፌድ ሙሉ ይዘው መጡ። አባቴ እየተጨዋወቱ በሉ። ሁላችንም ደስ ብሎን አየን። በማግስቱ ግን አባቴ ከመደብ አልተነሡም። ሆዳቸው ተነፋ፣ እንደ ድሮው አስቀመጣቸው፣ ከንፈራቸው ደረቀ። ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ ሆኑ።

አክስቴ ሰምተው ሮጠው መጡና እግራቸው ሥር ተቀመጡ። «በእግዜር ስም፣ አንዲት ፍሬ ገብስ አልጨመርኩበትም!» አሉ።

እናቴ «በምን ምጣድ ቆላሽው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አክስቴ ነገሩ ትዝ አላቸው። ያን ዕለት ጠዋት በዚያው ምጣድ ገብስ ቆልተው ነበር፤ ምጣዱን በጨርቅ ጠርገው ሽምብራውን አስከተሉበት።

«በዚያ ብናኝ?» አሉ።

«በዚያ ብናኝ» አለች እናቴ።

አክስቴ የወንድማቸውን እግር በጋቢ ሸፍነው፣ እጃቸውን ላዩ ላይ እንዳደረጉ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ይህ ወንድማቸው ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሆን አይተዋል፤ እንዲህ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው በዓይናቸው ያዩት። ሲመሽ ተነሥተው ሄዱ። በማግስቱ ያንን የበሶ ከረጢት ስኳር ላለበት ጎረቤታቸው እንደሰጡት ሰማን። «ለእሱ ይሁነው፣ ለወንድሜ አይሆንም» አሉ አሉ። ዓርብ ዕለትም ገበያ ወርደው አዲስ ምጣድ ገዙ፤ ሌላ እህል እንዳይነካው ከጓዳ ግድግዳ ላይ ለብቻው ሰቀሉት። የእኔ ዕረፍት በዚያው ሳምንት አለቀና ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ብስኩት መላኬን ተውኩ። በምትኩ በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ፤ አባቴ ስንት ጥማድ እንዳረሱ ይነግሩኛል፣ እኔም ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

በሦስተኛው ወር አባቴ ለምርመራው በወንድሜ ታጅበው መጡ፤ እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ሆስፒታሉ አብሬያቸው አልገባሁም። ከፈተናው ወጥቼ ስደርስ በሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ስኳሩ ወርዷል። ጨርሶ ሜዳ ላይ አልደረሰም፤ ዶክተሯ በያዙት መንገድ ይቀጥሉ፣ ጉበቱን ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ እናየዋለን ብላለች። ወገባቸውም ቀንሷል። «በሜትሩ ሁለት ጣት» አሉኝ፣ ሁለት ጣታቸውን አንሥተው። ወደ ገብስ ስለመመለስ አንድም ነገር አላነሡም። እኔም አልጠየቅሁ፤ ክንዳቸውን ብቻ ያዝኩ።

ከዚያ ወደ ቤት ደወልን። ስልኩን ያነሣችው እናቴ ነበረች፤ ውጤቱን ስነግራት ግን አክስቴ ከእጇ ነጠቋት። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ወረደ?»

«ወርዷል አክስቴ።»

«ሽምብራውን እኮ እኔ ነኝ የምቆላለት፣ በአዲሱ ምጣድ፣ ለብቻው» አሉ። «ሐኪሟ እዚያ አለች? እንዳትረሺ፣ ንገሪያት።»

ዶክተሯ ሌላ በሽተኛ ይዛ ነበር። አባቴን ደረጃው ላይ አስቀምጬ፣ በሩ እስኪከፈት ቆሜ ጠበቅሁና ነገርኳት።